ስለ ዜብራ መስል ጠይቁኝ፤ የውሃ ማጣሪያ ጣቢያ ነው የምሠራው

ሚኒሶታ ነው ያለሁት። ሰመር ሲመጣ ብዙዎቻችሁ ጀልባ ይዛችሁ ሐይቅ ትወርዳላችሁ። ስለዚህች ጥፍር የምታክል ባለ ዛጎል ፍጥረት የፈለጋችሁትን ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ይህን የምታክል ነገር ምን ኪሳራ ታመጣለች?

መልስ፦ ብቻዋን ብትሆን ምንም። ግን አንዷ እንስት በዓመት እስከ 1 ሚሊዮን እንቁላል ትጥላለች። እጮቹ በዓይን አይታዩም፤ ከውሃው ጋር ቧንቧ ውስጥ ይገባሉ። እዚያ ወራጁ ውሃ ምግብ ያመጣላቸዋል፣ የሚበላቸው ዓሣም የለም። ግድግዳው ላይ ተጣብቀው፣ አንዷ በሌላዋ ላይ እየተደራረቡ ቧንቧውን ጠባብ ያደርጉታል። ሰሜን አሜሪካ መግባቷ የታወቀው በ1988 ነው። በዓመቱ፣ በ1989፣ ሚሺጋን ውስጥ የሞንሮ ከተማ ውሃ መሳቢያ ተደፍኖ ሕዝቡ ውሃ ተቋረጠበት። አንድ ዓመት ብቻ! ለዚህ ነው ጣቢያዎች መሳቢያው አፍ ላይ ክሎሪን የሚጨምሩት፣ ጠላቂ ልከው የሚያስፍቁት። ወጪው ዞሮ ዞሮ እኛው የውሃ ቢል ላይ ይመጣል።

ጥያቄ፦ ሐይቁ ውስጥ መድኃኒት ቢጨመርስ?

መልስ፦ ትንሽና ዝግ ውሃ ላይ ተሳክቷል። ቨርጂኒያ ውስጥ ሚልብሩክ የሚባል፣ ውሃ የሞላው የድንጋይ ማውጫ በ2006 በፖታሽ ጨው ጸድቷል። ትልቅ ሐይቅ ላይ ግን አይታሰብም። ስለዚህ በጀልባ ተጭና ወደ ሌላ ሐይቅ እንዳትዛመት፣ ጀልባው ውስጥ የቀረውን ውሃ አፍስሱ፣ ጀልባውን 5 ቀን አድርቁ።

አንድ አባል፦ እኛ ሐይቅ ከገባች ወዲህ ውሃው ጥርት ብሏል። ምን አጠፋች?

ሌላ አባል፦ ጥርት ያለው የዓሣው ምግብ ስላለቀ ነዋ!

የመጀመሪያው፦ እኔ አሁንም ዓሣ እያጠመድኩ ነው።

መልስ፦ አትጣሉ። ሁለተኛው ልክ ነው። አንዷ በቀን እስከ 1 ሊትር ውሃ ታጣራለች። የዓሣ ጫጩት የሚኖርበትን ደቃቅ ምግብ ትወስዳለች፤ መርዛማውን አልጌ ግን መልሳ ትተፋዋለች። ዛሬ የምታጠምደው ትልቁን ነው፤ እኔ የምፈራው ለጫጩቱ ነው።

ጥያቄ፦ ትበላለች?

መልስ፦ አትብሏት። ከውሃው መርዝ ታከማቻለች።

ጥያቄ፦ ጀልባዬን ምን ላድርግ?

መልስ፦ እባካችሁ ከላይ ያለውን አንብቡ። የሞተሩን ውሃ፣ የዓሣ ማቆያውን ውሃ፣ ሁሉንም አፍስሱ። ሚኒሶታ ውስጥ ጀልባ በመኪና ስትጎትቱ የጀልባውን የውሃ መውረጃ መድፈኛ ነቅሎ መንዳት ሕግ ነው። ከዚያ 5 ቀን አድርቁ።

ጥያቄ፦ ጣና ላይስ?

መልስ፦ የጣና ጠላት እምቦጭ ነው። እሱን የሚያውቅ ይመልስ።

ጥያቄ፦ ጀልባ የለኝም። እኔን አይመለከተኝም አይደል?

መልስ፦ ቤትህ አኳሪየም ካለ ይመለከትሃል። በ2021 አሜሪካ ውስጥ ለአኳሪየም በሚሸጡ የሞስ ኳሶች (ኳስ የሚመስል አረንጓዴ አልጌ) ላይ ተገኝታለች። የአኳሪየሙን ውሃ ሐይቅም፣ የመንገድ ጎርፍ መውረጃም ውስጥ አትድፋ።