ያንኪ ስታዲየምና ሲቲ ፊልድ በአንድ ቀን፣ በባቡር

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። ልጆችሽን ይዘሽ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከዲሲ አጠገብ፣ ኒውዮርክ ልትመጪ ነው። ከሁለቱ የኒውዮርክ ቤዝቦል ቡድኖች ትልቁ ያንኪስ (ሜዳቸው ብሮንክስ፣ ያንኪ ስታዲየም)፣ ትንሹ ሜትስ (ሜዳቸው ኩዊንስ፣ ሲቲ ፊልድ) ይላል። ቀን አንዱ ጋ ማታ ሌላው ጋ መግባት ይቻላል ወይ፣ መኪናስ የግድ ነው ወይ ነው ያልሽው። ይቻላል። መኪናውን ግን እዚያው ተዪው። እኔ ብሮንክስ ነው የምኖረው፣ መንገዱን በደንብ አውቀዋለሁ። «ኡበር ያዢ» ያሉሽን አትስሚያቸው፤ ጨዋታ ሲያልቅ በያንኪ ስታዲየም አጠገብ በሚያልፈው አውራ ጎዳና፣ ሜጀር ዲጋን ላይ መኪና ቆሞ ነው የሚያመሸው፣ ባቡሩ ግን ከስታዲየሙ በር ላይ ነው።

መጀመሪያ ፕሮግራሙን እዪ። አብዛኛውን ጊዜ አንዱ ቡድን ከተማ ሲሆን ሌላው ውጭ ነው። ሁለቱም በሜዳቸው የሚጫወቱበት ቀን ብዙ አይደለም። ሲገኝ ደግሞ አንዱ የቀን፣ ሌላው የማታ መሆን አለበት። ካልገጠመልሽ ያንኪ ስታዲየም የጉብኝት ፕሮግራም አለው። ጠዋት እሱን አስጎብኝተሻቸው ማታ ሜትስን ብታዪ ለልጆች እንዲያውም ይሻላል፣ ሁለት ሙሉ ጨዋታ ቁጭ ብሎ ማየት ለትልቅ ሰውም ይከብዳል።

ምርጫ ካለሽ ብሮንክስን አስቀድሚ። ከ2023 ጀምሮ ኳስ ወርዋሪው ላይ ሰዓት ስለሚቆጠርበት ጨዋታው እንደ ድሮው አይንዛዛም፣ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ሰዓት ሳይፈጅ ያልቃል። የቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል አካባቢ ከጀመረ፣ ለምሽቱ አንድ ሰዓት ጨዋታ በቂ ጊዜ አለሽ። (በፈረንጅ ሰዓት 1:30 እና 7:00 ማለቴ ነው፣ እንዳትሳሳቺ።)

መንገዱ ቀላል ነው። ከ161ኛ ስትሪት ጣቢያ አረንጓዴውን 4 ቁጥር ባቡር ወደ ማንሃተን ትይዣለሽ። ማንሃተን ከገባ በኋላ ፈጣን ስለሆነ ብዙ አይቆምም። ግራንድ ሴንትራል ትወርጂና ሐምራዊውን 7 ቁጥር ወደ ፍለሺንግ ትይዣለሽ፣ ሜትስ ዊሌትስ ፖይንት ላይ ትወርጃለሽ። በቃ። ጉዞው አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ስትቀይሪ ከጣቢያው ስለማትወጪ ሁለተኛ አትከፍዪም። ዋጋው 3 ዶላር ነው፣ የባንክ ካርድሽን ወይም ስልክሽን በሩ ላይ ማስነካት ነው። ቁመታቸው ከ44 ኢንች በታች የሆኑ ልጆች አይከፍሉም።

የሚያስቸግረው ባቡሩ ሳይሆን ከስታዲየሙ መውጣቱ ነው። የመጨረሻው ኳስ እንዳለቀ ያ ሁሉ ሕዝብ አንድ ደረጃ ላይ ይወጣል። የ4 ቁጥር መቆሚያ ከመንገዱ በላይ ነው፣ ከታች ሆነሽ ስታዪው ሰው በሰው ላይ ነው። ያኔ ወደ ላይ አትውጪ። እዚያው ጣቢያ ከመሬት በታች ብርቱካናማው ዲ (D) ባቡር አለ። እሱን ይዘሽ 42ኛ ብራያንት ፓርክ ወርደሽ በውስጥ መንገድ ወደ 7 ትቀይሪያለሽ። ሕዝቡ ወደ 4 ሲጋፋ አንቺ ከልጆቹ ጋር ተቀምጠሽ ትሄጃለሽ። ሜትሮ ኖርዝ የሚባል የከተማ ዳርቻ ባቡርም አለ፣ ከ2009 ጀምሮ ስታዲየሙ አጠገብ የራሱ ጣቢያ አለው። ግራንድ ሴንትራል ቶሎ ያደርሳል፣ ከዚያም በጨዋታ ቀን ሎንግ አይላንድ ሬይል ሮድ የሚባለው ሌላው የከተማ ዳርቻ ባቡር ሜትስ ጋ ይቆማል። ግን ለቤተሰብ ወጪው አያዋጣም ባይ ነኝ።

ግራንድ ሴንትራል ላይ የ7 መቆሚያ በጣም ጥልቅ ነው፣ ልጅ ይዘሽ አትሩጪ። በሥራ ቀን ማታ ወደ ፍለሺንግ የሚሄድ ፈጣን 7 አለ፤ ቁጥሩ ክብ ውስጥ ሳይሆን ዳይመንድ ውስጥ ነው የተጻፈው። ሁለቱም ሜትስ ጋ ይቆማሉ፣ የመጣውን ያዢ። ቅዳሜና እሁድ ግን ጥገና ስለሚበዛ ዋዜማውን አረጋግጪ፣ 4ም ሆነ 7 መንገድ ሊቀይር ይችላል። ከወንዙ ሥር ወጥቶ ከፍ ሲል ልጆቹን መስኮት ጋ አስቀምጪያቸው፣ ማንሃተን ከኋላ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ይሄን ጉዞ ቡድኖቹ ራሳቸውም አድርገውታል፣ ለልጆቹ ንገሪያቸው። እ.ኤ.አ. ጁላይ 8 ቀን 2000 በዝናብ የተላለፈ ጨዋታ ስለነበር ቀን በሜትሶች የድሮ ሜዳ ሼይ ስታዲየም፣ ማታ ያንኪ ስታዲየም ተጫወቱ። ቀን ለያንኪስ የወረወረው ድዋይት ጉደን ነበር፣ ድሮ የሜትስ ኮከብ የነበረው። ማታ ደግሞ የያንኪሱ ወርዋሪ የሮጀር ክሌመንስ ኳስ የሜትሱን ማይክ ፒያዛን ጭንቅላቱ ላይ መታው፣ እስከ ዛሬ ያልበረደ ጉዳይ ነው። ሁለቱንም ያንኪስ 4 ለ 2 አሸነፈ። በዚያው ዓመት ወርልድ ሲሪስ ላይ፣ ማለትም በቤዝቦሉ የፍጻሜ ውድድር፣ ተገናኝተውም ያንኪስ 4 ጨዋታ ለ 1 አሸንፏል። ትንሹ ልጅሽ ይሄኛውን ባይሰማ ይሻላል።

ኮፍያ ነገር ጠይቀሻል። ትልቁ በያንኪስ ኮፍያ ሲቲ ፊልድ ቢገባ የሚነካው የለም። እንደ ቡናና ጊዮርጊስ ደጋፊ ነው፣ ይተራረባሉ፣ አብረው ባቡር ይሳፈራሉ። ቦርሳ ላይ ግን ሁለቱ ስታዲየሞች ሕጋቸው አንድ አይደለም፣ የኋላ ቦርሳ ይዘሽ ባትመጪ ይመረጣል።

ምግብ፦ በፍልሰታ ከመጣሽና የምትጾሚ ከሆነ ስታዲየም ውስጥ ከለውዝና ከድንች ጥብስ ያለፈ ብዙ አትጠብቂ። 7 ቁጥር ጃክሰን ሃይትስ፣ 74ኛ ስትሪት ላይ ይቆማል፤ ፈጣኑን ከያዝሽ ግን ያልፈዋል። አካባቢው የሕንድ ምግብ ቤት ነው፣ ምስርና ሽንብራ እንደልብ። ቅቤ እንዳይገባበት ንገሪያቸው። ከጣቢያው ወጥተሽ ስትመለሺ እንደገና ትከፍያለሽ፣ እኔ ግን ይገባዋል ባይ ነኝ። ኦገስት መጨረሻ ላይ ከሆነ ደግሞ ዩኤስ ኦፕን ቴኒስ በዚያው ጣቢያ በሌላኛው በኩል ስለሆነ ሰው እጥፍ ነው።

የማታው ሲያልቅ 7 ከዚያው ተነስቶ ታይምስ ስኩዌር ያደርስሻል። በዚያው ሌሊት ወደ ዲሲ እመለሳለሁ ብለሽ ግን እንዳታስቢ። ሆቴሉን 7 ቁጥር ከሚያልፍበት አካባቢ ያዢ፣ ሎንግ አይላንድ ሲቲ ከማንሃተን ረከስ ይላል። ወደ ዲሲ የሚመልስሽን የአምትራክ ባቡር ቲኬት ለማግስቱ ከሰዓት ቁረጪ፣ ልጆቹ ጠዋት አይነሱልሽም።