ለክሪሚኖሎጂ ተማሪዋ እህቴ፦ ቦታ ከመፈለግሽ በፊት ስምሽን አመሳክሪ

እህቴ፣ እንግሊዝ አገር የሁለተኛ ዓመት የክሪሚኖሎጂ (የወንጀል ጥናት) ተማሪ እንደሆንሽ፣ ለተግባር ልምምድ ያመለከትሽባቸው ቦታዎች መልስ እንደነፈጉሽና ቀጣሪዎች የሚፈልጉትን ክህሎት ማወቅ እንደምትፈልጊ የጻፍሽውን አነበብኩ። ስለ ሲቪ አጻጻፍ ሌሎች በቂ ስለነገሩሽ፣ በዚያው መንገድ ያለፍኩ ሰው እንደመሆኔ ማንም ያልነገረኝን ላስቀድም።

አንደኛ፣ በዚህ ሙያ ተማሪን መንገድ ላይ የሚያስቀረው ከውጤት ይልቅ ዲቢኤስ የሚባለው የወንጀል ሪከርድ ማጣሪያ ነው። ቅጹ ያለፉትን 5 ዓመታት አድራሻ ያለ ክፍተት፣ እስከ ዛሬ የተጠራሽባቸውንም ስሞች በሙሉ ይጠይቃል፤ የእኛ ሰው መከራም እዚህ ላይ ይጀምራል። እኔን ሊቀበል የነበረው ድርጅት፣ ስሙን አልጠራም፣ የአያቴ ስም በፓስፖርቴ ላይ ኖሮ በባንክ ወረቀቴ ላይ ስለሌለ፣ የአባቴም ስም በአንዱ ላይ በአንድ «ቲ» በሌላው ላይ በሁለት «ቲ» ስለተጻፈ፣ ፋይሌን ወደ ጎን አድርጎ ዝም አለ። ሄጄ ስጠይቅ ሠራተኛዋ ከኮምፒውተሯ ቀና እንኳ ሳትል፣ «እናትሽ ሌላ፣ አባትሽ ሌላ፣ አንቺ ሌላ የቤተሰብ ስም ካላችሁ ትክክለኛው የቱ ነው?» አለችኝ። እኛ የአባታችንን ስም እንጂ የቤተሰብ ስም እንደማንይዝ ባስረዳትም ሰሚ አላገኘሁም፤ ቦታው ለሌላ ተማሪ ተሰጠ። ዛሬም ሳስታውሰው ደሜ ይፈላል። ስለዚህ ፓስፖርትሽን፣ የባንክ ወረቀትሽንና የዩኒቨርሲቲ ምዝገባሽን ጎን ለጎን አስቀምጪና እያንዳንዱን ፊደል አመሳክሪ፤ ልዩነት ካገኘሽ ሌሎቹን ከፓስፖርቱ ጋር አስማሚ። እንደ እኔ አገር ቤት አድገሽ የመጣሽ ከሆነ ደግሞ፣ ዲቢኤስ የውጭ አገር መዝገብ ስለማያይ፣ ከኢትዮጵያ ፌዴራል ፖሊስ ከወንጀል ነፃ የመሆን ማስረጃ ሊጠይቁሽ ይችላሉ፤ ከዚህ ሆኖ ማስወጣቱ ጊዜ ስለሚፈጅ አስቀድመሽ ጀምሪው።

ሁለተኛ፣ ክፍያው የማን እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቂ። ማጣሪያው ለበጎ ፈቃደኛ ነፃ ነው፤ ለትምህርት ልምምድ የሚገባ ተማሪ ግን በደንቡ እንደ በጎ ፈቃደኛ አይቆጠርም፤ ይህን የማያውቅ ቢሮ ሞልቷል። የምስክር ወረቀቱ ከወጣ በ30 ቀን ውስጥ በዲቢኤስ የዝማኔ አገልግሎት («አፕዴት ሰርቪስ») ከተመዘገብሽ፣ የማጣሪያው ደረጃና የሥራው ዘርፍ ተመሳሳይ እስከሆነ ድረስ ቀጣዩ ድርጅት በኢንተርኔት ማረጋገጥ ይችላል።

ሦስተኛ፣ ሁሉም ተማሪ ፖሊስና ማረሚያ ቤት ላይ ሲሻማ አንቺ የካውንስልሽን (የአካባቢ አስተዳደርሽን) የወጣቶች ፍትሕ ቡድን፣ ማለትም ጥፋት ከሠሩ ልጆች ጋር የሚሠራውን ክፍል ጠይቂ። ፍርድ ቤት «ሪፈራል ኦርደር» (ልጁን ወደ አንድ ፓነል የሚመራ ውሳኔ) የወሰነበት ልጅ የሚቀርብበት ፓነል ቢያንስ ሁለት የማኅበረሰቡ በጎ ፈቃደኞችና አንድ የቡድኑ ሠራተኛ አሉበት፤ ሥልጠናውንም እነሱው ይሰጣሉ። እኔ በኋላ በዚሁ በር ነው የገባሁት፤ ክህሎት የምትዪውንም ያየሁት እዚያ ነው። አብራኝ የነበረች ተማሪ በማስታወሻዋ ላይ «ልጁ ግድ የለውም» ብላ ብትጽፍ፣ አስተባባሪያችን በቀይ ሰርዛ «ለቀረቡለት ጥያቄዎች መልስ አልሰጠም» ብላ አረመችው። ያየሽውን ከገመትሽው ለይቶ መጻፍ፣ የሰማሽውን ምሥጢር መጠበቅና ልጁ እስኪናገር ዝም ብሎ መቆየት መቻል፣ በሥራ ቃለ መጠይቄ ላይ ከዲግሪዬ ይልቅ ብዙ ጥያቄ ያስነሡት እነዚህ ነበሩ፤ ሥራውንም በእነሱ አገኘሁ ብል ጉራ አይሁንብኝ። ልምምድ እስክታገኚ ደግሞ ማጅስትሬት ፍርድ ቤት (የመጀመሪያ ደረጃው የወንጀል ፍርድ ቤት) ገብተሽ ከኋላ ተቀመጪና ማስታወሻ ያዢ፤ ችሎቱ ለሕዝብ ክፍት ነው፣ የወጣቶቹ ችሎት ግን ዝግ ነው።

አማርኛሽንም በሲቪሽ ላይ ጻፊው፤ ሆኖም እንደ ነፃ አስተርጓሚ እንዳይጠቀሙብሽ ተጠንቀቂ። እኔን ከልምምዴ ሥራ እያስነሡ የአገሬን ልጆች ጉዳይ በስልክ እንዳስተረጉም ያደርጉኝ ነበር፤ የሰው ነፃነት የሚወሰንበት ቃል ደግሞ በሙያው የተፈተነ አስተርጓሚ ይፈልጋል። ተቆጣጣሪዬን በኢሜይል አሳውቄ እምቢ ስል ፊት ነሡኝ እንጂ ከቦታዬ አላነሡኝም።