ስልጠናው አለቀ፣ ሥራውስ ተለወጠ?

ውድ ወጣቶች፣

ይህን የምጽፈው በስልጠና ወይም በሰው ኃይል ክፍል ሥራ ለጀመራችሁ ልጆች ነው። አንድ ቀን አለቃችሁ "ያ የኦንላይን ስልጠና ምን ውጤት አመጣ?" ብሎ ይጠይቃችኋል። ሲስተሙን ስትከፍቱ ስንት ሰው እንደጀመረ፣ ስንቱ እንደጨረሰ፣ በፈተናው ስንት ስንት እንዳመጡ ተዘጋጅቶ ይጠብቃችኋል። ያንን ብቻ ገልብጣችሁ እንዳትሰጡት፣ አደራ።

ቪዲዮውን ከፍቶ ኢሜይል ሲጽፍ የነበረውንም፣ እየደጋገመ ያዳመጠውንም ሲስተሙ እኩል "አጠናቋል" ብሎ ነው የሚመዘግበው። ፈተናውም ትምህርቱ እንዳለቀ ወዲያው ከተሰጠ ገና ያልጠፋ ትውስታን ይለካል። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሄርማን ኤቢንግሃውስ ራሱን እየፈተነ ያጠናውን ጥናት በ1885 (እ.ኤ.አ.) አሳትሟል። የተማርነው በፍጥነት የሚጠፋው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት መሆኑን አሳይቶናል። ስለዚህ ያንኑ ጥያቄ ከወር በኋላ ድገሙት።

አሜሪካዊው የስልጠና ግምገማ ምሁር ዶናልድ ኪርክፓትሪክ ከ1959 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ባወጣቸው ጽሑፎች አራት ነገር እንድንጠይቅ መክሯል። ሰልጣኙ ወደደው? ተማረ? የተማረውን ሥራው ላይ አዋለው? ድርጅቱስ ምን አገኘ? ባየኋቸው ድርጅቶች አብዛኛው ግምገማ ሁለተኛው ላይ ያበቃል። እናንተ ግን ሦስተኛው ላይ በርቱ። እሱ ካልተሟላ አራተኛው ከየትም አይመጣም።

ስልጠናው ስለ ደንበኛ ቅሬታ አያያዝ ነው እንበል። ተፈታ ተብሎ ተመልሶ የመጣ ቅሬታ ስንት ነው? ይህ መዝገብ ብዙ ጊዜ ድርጅቱ ውስጥ አለ፤ የሚያየው ሰው ነው የሚጠፋው። ከስልጠናው በፊት የነበረውን ቁጥር ያዙ። ከተቻለ ግማሾቹን ቅርንጫፎች አስቀድማችሁ አሰልጥኑ፣ ሌሎቹን ከሁለት ወር በኋላ። በእነዚያ ሁለት ወራት የሁለቱን ቡድን ቁጥር አነጻጽሩ። አለበለዚያ አዲስ ኃላፊ ስለመጣ ወይም ሥራው ስለቀዘቀዘ የታየውን ለውጥ ለስልጠናው ትሰጡታላችሁ።

ከዚያ ከወንበራችሁ ተነሡ። የተማሩትን በደንብ የተጠቀሙ ጥቂት ሰዎችን፣ ጭራሽ ያልተጠቀሙ ጥቂት ሰዎችን ፈልጋችሁ አነጋግሩ። ከዚህ የበለጠ ያስተማረኝ ነገር የለም። ያልተጠቀመው ሰው ብዙ ጊዜ ትምህርቱ ገብቶታል። ግን አለቃው "የድሮውን አሠራር አትንካ" ብሎታል። ወይም የሚያስፈልገው ፎርም አልተቀየረም። ወይም ስልጠናውን ማታ ቤቱ ደክሞት ነው የጨረሰው፤ የሥራ ሰዓት ስላልተሰጠው። እነዚህን ምንም ያህል ጥሩ ቪዲዮ አይፈታቸውም። ሪፖርታችሁ ውስጥ በግልጽ ጻፏቸው። የነገሯችሁን ሰዎች ስም ግን አታውጡ። አንድ ሰው በተናገረው ከተቀጣ በሚቀጥለው ጊዜ እውነቱን የሚነግራችሁ አታገኙም።

ሰልጣኞች በመጨረሻ ለሚሞሉት የአስተያየት መጠይቅ ብዙ ጊዜ አታጥፉ። ድምፁ ይቆራረጥ እንደሆነ፣ ትምህርቱ ይረዝም እንደሆነ ይነግራችኋል፤ ለዚያ ይጠቅማል።

ከሁሉ የምለምናችሁ ይህን ሥራ ከመጨረሻ እንዳትጀምሩት ነው። ስልጠናው ሳይገዛ ስብሰባው ላይ እጃችሁን አውጡና "ከሦስት ወር በኋላ ማን ምን ሲያደርግ ማየት ነው የምንፈልገው?" ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉትና አስፈርሙት። መልስ የሚሰጥ ከጠፋ፣ ግዢው እንዲቆይ ለመጠየቅ አትፍሩ።