ከተቋም ወጥታችሁ ፒያኖ በግላችሁ ልትቃኙ ላሰባችሁ

ውጭ አገር በሙዚቃ ትምህርት ቤትና በዩኒቨርሲቲ ፒያኖ የምትቃኙና የምትጠግኑ ወገኖች ጥቂት ብትሆኑም አላችሁ። «የፒያኖው ቁጥር ይጨምራል፣ ደሞዙ ግን ያው ነው፣ ለምን በግሌ አልሠራም?» ትላላችሁ። እኔም ለቅቄ ነው የወጣሁት፤ ተዉ አልላችሁም። አወጣጡን ግን አስቡበት።

ከሁሉ በፊት ወረቀታችሁን እዩ። የመኖሪያ ፈቃዳችሁ ከአሠሪው ጋር የታሰረ ከሆነ፣ ሥራውን ስትለቁ ፈቃዱም አብሮ ሊሄድ ይችላል። እንዲህ ዓይነት ፈቃድ ይዞ ቅዳሜና እሁድ በግል ሠርቶ ገንዘብ መቀበልም ብዙ ቦታ ክልክል ነው። «ማን ያያል» የሚላችሁን ጓደኛ ትታችሁ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ጠይቁ። ይህ የማይመለከታችሁ ደግሞ የቅጥር ውላችሁን አንብቡ፤ የትርፍ ሰዓት ሥራን አስቀድማችሁ አሳውቁ የሚል አንቀጽ ሊኖር ይችላል። የተቋሙን መሣሪያ ይዞ የግል ደንበኛ ቤት መሄድማ ነገር መፈለግ ነው።

ሥራው ራሱ ይለያል። ተቋም ውስጥ ፒያኖዎቹን ታውቋቸዋላችሁ፣ የቱ ክፍል ያለው ፒያኖ ቁልፉ ሲጫኑት እንደሚጣበቅ በቃላችሁ ነው። ሰው ቤት የሚጠብቃችሁ ግን ለዓመታት ማንም ያልነካው ፒያኖ ነው። ስትከፍቱት እርሳስ፣ ሳንቲም፣ አንዳንዴም የአይጥ ጎጆ ታገኛላችሁ። ድምፁ ግማሽ ድምፅ (ሴሚቶን) ያህል ወርዶ ይሆናል። በአንድ ዙር ወደ መደበኛው የቅኝት ከፍታ፣ ወደ 440 ኸርዝ፣ ልመልሰው ብትሉ አይሆንም፤ ከ220 በላይ ክሮች አሉት፣ የሁሉም ውጥረት ሲደመር ከ15 ቶን ክብደት ያልፋል፣ ጫናው በጨመረ ቁጥር የድምፅ ሰሌዳው (ከክሮቹ ሥር ያለው ድምፅ የሚያጎላው እንጨት) ስለሚጎብጥ መጨረሻ ላይ ያሉትን ስታጠብቁ መጀመሪያ ያስተካከላችኋቸው ይወርዳሉ። ስለዚህ አንድ ፈጣን ዙር ሄዳችሁ ከፍ ታደርጉታላችሁ፣ ከዚያ እንደገና በደንብ ትቃኙታላችሁ። የዛገ ክር ካለ ሊበጠስ ይችላል። ይህን ሁሉ፣ ተጨማሪውን ክፍያ ጨምሮ፣ ለባለቤቱ የምትነግሩት የመቃኛ ቁልፉን ከማዞራችሁ በፊት ነው። ክሩ ከተበጠሰ በኋላ ብታስረዱ ማን ያምናችኋል? ክሮቹን የያዙት ፒኖች ላልተው ከሆነ ደግሞ «ይህ ቅኝት አይይዝም» ብላችሁ ቁርጡን ተናገሩ።

ዋጋ ስትተምኑ የደሞዛችሁን የሰዓት ሒሳብ እርሱት። መንገዱን፣ ነዳጁን፣ ስልክ ስትመልሱ የሚያልፈውን ጊዜ፣ በመጨረሻው ሰዓት የሚሰረዘውን ቀጠሮ ማንም አይከፍላችሁም። የጤና ኢንሹራንሱ፣ ጡረታው፣ ግብሩ፣ በሰው ንብረት ላይ ጉዳት ቢደርስ የሚሸፍነው ኢንሹራንስ ሁሉ ከእናንተ ኪስ ነው።

ሥራው ወቅት አለው። እንጨት እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ቅኝቱም ከፍ ይላል፤ ቤት ውስጥ ማሞቂያ ሲበራ ይደርቅና ይወርዳል። የአየሩ ለውጥ በገባ ሰሞን ስልኩ ፋታ አይሰጣችሁም፣ ሌላ ጊዜ ጭር ይላል። ስለዚህ ቢያንስ አንድ ሙሉ ዓመት በትርፍ ሰዓት ሥሩና ጭር ያለውን ወቅት ደሞዝ እያላችሁ እዩት።

በዚሁ ዓመት የሙያ ፈተና ያለበት አገር ካላችሁ ተፈተኑ። አሜሪካ የፒያኖ ቴክኒሽያንስ ጊልድ (የፒያኖ ባለሙያዎች ማኅበር) የሚሰጠው ፈተና ሦስት ነው፦ የጽሑፍ፣ የጥገናና የቅኝት። እንደ ልብ የምትለማመዱባቸው ፒያኖዎችና ወርክሾፑ በእጃችሁ ያሉት አሁን ነው፣ ከወጣችሁ በኋላ አይገኙም።

ስትለቁ ተኳርፋችሁ አትውጡ። የእያንዳንዱን ፒያኖ የጥገና መዝገብ አስተካክላችሁ አስረክቡ። መምህራኑ ቤታቸው ፒያኖ አላቸው፣ የተማሪ ወላጅም «ማን ይቃኝልን?» ብሎ የሚጠይቀው እነሱን ነው። ተቋሙም ሰው እስኪቀጥር፣ አንዳንዴም ከዚያ በኋላ፣ የኮንሰርት ፒያኖውን በኮንትራት ሊሰጣችሁ ይችላል። ደስ ብሏችሁ ተቀበሉ፣ ግን ውሉ ላይ ስንት ፒያኖ፣ በዓመት ስንት ጊዜ፣ ከኮንሰርት በፊት በስንት ሰዓት እንደሚደወልላችሁና ለማታ ጥሪ ስንት እንደሚከፈል ይጻፍ። ካልተጻፈ ያንኑ የድሮ ሥራችሁን ያለ ኢንሹራንስና ያለ ጡረታ ትሠራላችሁ።