ወፍ፣ አጥቢ እንስሳና የሜዳ አበባ፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

ስለ ዱር ወፎች፣ ስለ አጥቢ እንስሳትና ስለ ሜዳ አበቦች ብዙ ጠይቃችሁኛል። አንዳንዱ አጭር መልስ ይበቃዋል። ማር መሪ በምትባለው ወፍ ላይ ግን ቆየት እላለሁ።

ጥያቄ፦ ወፍ እየበረረች ትተኛለች የሚሉት እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው። ፍሪጌት በምትባለው ትልቅ የባሕር ወፍ ራስ ላይ ተመራማሪዎች ትንሽ የአንጎል መመዝገቢያ ገጠሙ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2016 ወጣ። አየር ላይ ሳለች በቀን በአማካይ 42 ደቂቃ ገደማ ትተኛለች። አብዛኛውን ጊዜ የሚተኛው ግማሽ አንጎሏ ነው፤ አንዳንዴ ግን ሙሉው ይተኛል፣ እሷም አትወድቅም። መሬት ስትደርስ ከ12 ሰዓት በላይ ለጥ ብላ ትተኛለች።

ጥያቄ፦ ጉጉት አንገቷን ሙሉ ዙር ታዞራለች?

መልስ፦ ሙሉውን አይደለም፤ እስከ 270 ዲግሪ ገደማ ነው። ዓይኗ በቦታው የተተከለ ስለሆነ ወደ ጎን ለማየት አንገቷን ማዞር ግድ ይላታል። አንገቷ ውስጥ 14 አጥንት አለ። ቀጭኔ ያ ሁሉ አንገት እያለው ያለው 7 ብቻ ነው፤ ልክ እንደኛ።

ጥያቄ፦ የሌሊት ወፍ ዕውር ናት?

መልስ፦ አይደለችም፣ ታያለች። ወፍም አይደለችም። ልጇን የምታጠባ፣ በእውነት መብረር የምትችል ብቸኛዋ አጥቢ እንስሳ ናት።

ጥያቄ፦ ማር መሪ ወፍ ሰውን ወደ ማር ትወስዳለች ወይስ ተረት ነው?

መልስ፦ ትወስዳለች። ለእኔ በዱር ዓለም ከዚህ የሚበልጥ ታሪክ የለም። ሰው ስታይ እየጮኸች ትጠጋለች፣ ከዛፍ ዛፍ እየበረረች ታስከትላለች። የንቦቹን ቤት ታውቀዋለች፤ ግን ንቦቹን በጭስ ማባረር፣ ግንዱንም መፈልፈል አትችልም። ሰው ደግሞ እሳትና መጥረቢያ አለው፣ ቦታውን ግን አያውቅም። ማሩን ሰው ይወስዳል። እሷ ሰሙንና የንብ እጩን ትበላለች።

ንግግሩ ደግሞ የሁለት ወገን ነው። በሞዛምቢክ የያኦ ብሔረሰብ ማር ቆራጮች ወፏን የሚጠሩበት የራሳቸው ድምፅ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ ይህን ጥሪ ስትሰማ ወፏ የመምራት ዕድሏ ከሦስት አንድ የነበረው ከሦስት ሁለት ይሆናል። ማንም ያላለመዳት የዱር ወፍ እኮ ናት!

‹‹ታዲያ ደግ ወፍ ናት?›› ያላችሁኝም አላችሁ። ለሌላ ወፍ አይደለችም። እንቁላሏን የምትጥለው በሌሎች ጎጆ ነው። ጫጩቷ ገና ዓይኗ ሳይገለጥ፣ ምንቃሯ ጫፍ ላይ ባለ መንጠቆ የባለጎጆዎቹን ጫጩቶች ነክሳ ትገድላለች። መንጠቆው በኋላ ይጠፋል።

ጥያቄ፦ ፍልፈል 30 ዓመት ይኖራል ሲባል ሰማሁ። ይቻላል?

መልስ፦ ፀጉር አልባው ፍልፈል አዎ። የምሥራቅ አፍሪካ እንስሳ ነው። በእንክብካቤ ሥር ከ30 ዓመት በላይ የኖሩ አሉ፤ በመጠን የሚስተካከለው አይጥ ግን ሁለት ሦስት ዓመት ነው የሚኖረው። እንደ ንብ ንግሥት አላቸው፤ የምትወልደው እሷ ብቻ ናት። እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመ ሙከራ ያለ ምንም ኦክስጅን 18 ደቂቃ ቆይተው ተርፈዋል።

ጥያቄ፦ ሱፍ አበባ ቀኑን ሙሉ ከፀሐይ ጋር ይዞራል?

መልስ፦ ለጋ እያለ ብቻ። ሲጎለምስ ፊቱን ወደ ምሥራቅ አድርጎ ይቆማል። ጠዋት ቶሎ ስለሚሞቅ ንቦች ይመርጡታል። ደግሞ አንድ አበባ አይደለም፤ የብዙ ትናንሽ አበቦች ስብስብ ነው። አደይ አበባም እንዲሁ።

ጥያቄ፦ አበባ ድምፅ ይሰማል?

መልስ፦ ጆሮ የለውም፣ ግን ለድምፅ መልስ የሚሰጥ አበባ አለ። የቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባሕር ዳርቻ ለሚበቅል ቢጫ የሜዳ አበባ የንብ ክንፍ ድምፅ አሰሙት። በ3 ደቂቃ ውስጥ የአበባው ወለላ ስኳር ጨመረ። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመው ይህ ሥራ አበባው ራሱ ከድምፁ ጋር እንደሚንቀጠቀጥም አሳይቷል። በጣም ቀጭን ድምፅ ሲያሰሙት ግን ምንም አልተለወጠም። ለእኔ ትልቁ ነገር ይህ ነው፤ አበባው ለየትኛውም ጫጫታ ሳይሆን ለእንግዳው ድምፅ ነው ያጣፈጠው።