የአባቴ ፖሊፕና ገና ያልደረሰው ውጤት

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። ነዋሪነቴ ባሕር ዳር ሲሆን የምተዳደረውም በመምህርነት ነው። አባቴ የ63 ዓመት ሰው ናቸው፤ ተወልደው ያደጉት፣ እስከ ዛሬም ቡናቸውን የሚለቅሙት ዘጌ ነው። ሰገራቸው ደም እየቀላቀለ ለወራት ሲቸገሩ «ኪንታሮት ነው፣ ይተወኛል» እያሉ ደብቀውን ኖረው ባለፈው ሳምንት በስንት ልመና አስመረመርናቸው። በኮሎኖስኮፒ (ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ ትልቁን አንጀት በሚያሳየው ምርመራ) ሲታዩ ትልቁ አንጀታቸው ውስጥ ሁለት ፖሊፖች ተገኙ፤ አንዱ 12 ሚሊ ሜትር፣ ሌላው 5 ሚሊ ሜትር ሲሆን ሁለቱም እዚያው ተቆርጠው ወጥተው ናሙናው በማይክሮስኮፕ እንዲመረመር ወደ ፓቶሎጂ ክፍል ተልኳል። ውጤቱ ሁለት ሳምንት ሊፈጅ እንደሚችል ተነግሮናል። እኔ ግን እንቅልፍ አጥቻለሁ፤ ስልኬ በጠራ ቁጥር እጄ ይንቀጠቀጣል። ፖሊፕ ማለት ካንሰር ማለት ነው? ውጤቱን ስንጠብቅ በሽታው አይዛመትም? አባቴ የሚያውቁት «ትንሽ ነገር ተቆረጠልዎ» የተባሉትን ብቻ ስለሆነ፣ ውጤቱ መጥፎ ቢሆን ልንነግራቸው ይገባል? እኔና ሁለት ወንድሞቼስ መመርመር አለብን?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በመጀመሪያ አባትዎን አግባብተው ለምርመራ ማብቃትዎ ትልቅ ነገር መሆኑን ልንገርዎ። ፖሊፕ ካንሰር ማለት አይደለም። በትልቁ አንጀት ውስጠኛ ሽፋን ላይ የሚበቅል ትርፍ ሥጋ ሲሆን፣ አንዳንዱ ግንድ ላይ እንደ በቀለ እንጉዳይ እግር አለው፣ ሌላው ደግሞ ከሽፋኑ ጋር ተጣብቆ ይተኛል። ከዓይነቶቹ መካከል ወደ ካንሰር የመለወጥ ዕድል ያለው በዋናነት አዴኖማ የሚባለው ነው፤ እርሱም ቢሆን አብዛኛው ሳይለወጥ የሚቀር ሲሆን፣ የሚለወጠውም ብዙውን ጊዜ 10 ዓመትና ከዚያ በላይ ይወስድበታል። ይሁን እንጂ በባዶ ተስፋ ልሸኝዎ አልፈልግም። ከ10 ሚሊ ሜትር በላይ የሆነ ፖሊፕ ከትንሹ ይልቅ ጥንቃቄ ስለሚያሻው ሐኪሞቹ ይበልጥ የሚጠብቁት ስለ 12 ሚሊ ሜትሩ የሚጻፈውን ነው። የካንሰር ሕዋስ ቢገኝበት እንኳ ፖሊፑ ውስጥ ብቻ ተወስኖ የተቆረጠበት ጠርዝ ንጹሕ ከሆነና ሌላ የሚያሠጋ ምልክት ከሌለው፣ መቆረጡ ራሱ ሕክምና ሆኖ ሊበቃ ይችላል።

ከሁሉ በላይ እንቅልፍ የነሣዎት የመጠበቁ ጉዳይ ይመስለኛል። የተቆረጠው ሥጋ የአባትዎ ስም በተጻፈበት ትንሽ ብልቃጥ ውስጥ፣ ሥጋው እንዳይበላሽ የሚያደርግ ፎርማሊን የሚባል ፈሳሽ ተሞልቶበት ይቀመጣል። ከዚያ ውኃው ተመጥጦ በፓራፊን ሰም ይደርቅና ከፀጉር እጅግ በቀጠነ ስስ ቅጠል ተቆርጦ በመስታወት ላይ ይዘረጋል፤ በሐምራዊና በሮዝ ቀለም ከተነከረ በኋላ የፓቶሎጂ ሐኪም በማይክሮስኮፕ ያነበዋል። አንዳንዴ ደግመው ከሰሙ መቁረጥ ወይም ሌላ ባለሙያ ማሳየት ያስፈልጋቸዋል፤ ስለዚህ ውጤቱ ዘገየ ማለት መጥፎ ነገር ተገኘ ማለት አይደለም። እነዚያ ሁለት ፖሊፖች አሁን ያሉት ብልቃጡ ውስጥ እንጂ አባትዎ ሆድ ውስጥ ስላልሆነ፣ እርስዎ ቀን በቆጠሩ ቁጥር አያድጉም።

ዘጌን ስላነሡልኝ ደስ ብሎኛል፤ ይህን ለሐኪማቸው ነግረዋል? የጣና ዳርቻ ቢልሃርዝያ የሚገኝበት አካባቢ ነው። ትሉ በቀንድ አውጣ አማካይነት ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ ተራብቶ በቆዳ በኩል ወደ ሰው ይገባል፤ እንቁላሉ አንጀት ግድግዳ ላይ ሲቀር ያቆስላል፣ ሰገራን ከደም ያደባልቃል፣ አልፎ አልፎም ፖሊፕ የሚመስል እብጠት ያበቅላል። አባትዎ በልጅነታቸው ሐይቁ ውስጥ ሲዋኙ፣ ታንኳ ሲገፉ ወይም ልብስ ሲያጥቡ የኖሩ ከሆነ ይህ ታሪክ ለፓቶሎጂው ባለሙያ ቢደርስ መልካም ነው፤ እንቁላሉ ከናሙናው ላይ ሊታይ ይችላልና። ፕራዚኳንቴል የሚባል መድኃኒትም አለው። ነገር ግን «ቢልሃርዝያ ይሆናል» ብለው መድኃኒቱን በራስዎ ገዝተው እንዳይሰጧቸውና የፖሊፑን ውጤት መጠበቅ እንዳይተዉ እለምንዎታለሁ።

ፖሊፕ የተቆረጠበት ቦታ እስከ ሁለት ሳምንት ድረስ ሊደማ ስለሚችል፣ ቢቻል እነዚህን ቀናት እዚያው ባሕር ዳር እርስዎ ዘንድ ቢያሳልፉ እመርጣለሁ፤ ሌሊት ከዘጌ ተነሥቶ ሐኪም ቤት መድረስ ቀላል አይደለም። ብዙ ደም ወይም እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ ከወጣቸው፣ ሆዳቸውን አጥብቆ ካመማቸው፣ ትኩሳት ወይም ራስ መሳት ካጋጠማቸው ሳይዘገዩ ይውሰዷቸው። ለወገብና ለጉልበት ሕመም ተብሎ በየቤቱ የሚዋጠውን ዲክሎፌናክ ሐኪም ሳይጠይቁ አይውሰዱ፤ ለልብ የታዘዘ አስፕሪን ካላቸው ደግሞ በራሳቸው ፈቃድ አያቋርጡት።

ለአባትዎ መንገርን በተመለከተ ሐሳቤ ግልጽ ነው፤ ሊነገራቸው ይገባል፤ የሚመጣውን ሁሉ መስማት ይፈልጉ እንደሆነም ከአሁኑ ራሳቸውን ይጠይቋቸው። እኛ ክፉ ወሬ በሽማግሌ፣ ጎሕ ሳይቀድ የሚረዳበት ልማድ ስላለን ውጤትንም እንደ መርዶ የምንሸሽገው ይመስለኛል። ሕመሙን ደብቀው ያቆዩት ከፍርሃት እንደነበር አይዘንጉ፤ እናንተም በፋንታችሁ ብትደብቋቸው ያው ፍርሃት ቤት ውስጥ ይቀራል። 12 ሚሊ ሜትሩ አዴኖማ ከሆነ ከ3 ዓመት በኋላ ኮሎኖስኮፒው መደገም ይኖርበታል፤ ለምን እንደሚመለስ ያልተነገረው ሰው ያን ሁሉ የአንጀት ማጽጃ መድኃኒት በድጋሚ ጠጥቶ ለምርመራ አይቀርብም። ጠበል መሄድ ከፈለጉም ይሂዱ፤ ቀጠሮው እንዳይታለፍ ብቻ አንዳችሁ አብራችሁ ሁኑ።

የእናንተ ጉዳይ በውጤቱ ላይ ይመሠረታል። ትልቁ ፖሊፕ አዴኖማ ሆኖ ከተገኘ፣ በብዙ አገሮች በሚሠራበት መመሪያ መሠረት ልጆቹ በ40 ዓመታቸው ምርመራ ይጀምራሉ። ቢልሃርዝያ ያመጣው እብጠት ከሆነ ግን ይህ አይመለከታችሁም። ይሁንና ከመካከላችሁ ሰገራው ደም የሚቀላቅል ካለ፣ ዕድሜው ስንትም ይሁን፣ ኪንታሮት ነው ብሎ ራሱ እንዳይፈርድ። ኪንታሮትም ፖሊፕም ካንሰርም ያው ቀይ ደም ሊያሳዩ ይችላሉ፤ አባትዎን ለወራት ያቆያቸው ይኸው ግምት ነበር።

አንድ ነገር አደራ ልበልዎ። ስልክ ይደወልልናል ብላችሁ አትቀመጡ፤ የተቀጠራችሁበት ቀን ሲደርስ ሄዳችሁ ጠይቁ። ውጤቱን ሳይቀበሉ የሚቀሩ ቤተሰቦች አጋጥመውኛል፤ አንድ አባት ለወራት መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠ ወረቀት ይዘው ሲመጡ ማየት ያሳዝናል። ከወረቀቱ ቅጂ ተቀብላችሁ ከኮሎኖስኮፒው ዘገባ ጋር አኑሩ። ሐኪሙ ፊት ስትቀርቡም የፖሊፑን ዓይነት፣ የተቆረጠበት ጠርዝ ንጹሕ መሆኑንና ሕዋሶቹ ምን ያህል እንደተለወጡ ጠይቁ፤ ከክፍሉ ከመውጣታችሁ በፊትም የሚቀጥለው ምርመራ የሚደረግበት ዓመት በጽሑፍ ይሰጣችሁ።