አሪቲ መስሎ የገባው አረም፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

«ድሬዳዋ ሳቢያን ነው ቤቴ። ከደቻቱ ወንዝ ያስመጣሁት አሸዋ ዳር ቅጠሉ የተሰነጣጠቀ፣ መሬት ላይ የተነጠፈ ነገር በቀለ። አሪቲ ነው?»

አይደለም። ቅንጬ አረም ነው፤ ፓርቴኒየም የሚባለው። አገሩ ሜክሲኮና አካባቢዋ ነው። ሲጀምር ቅጠሉን ክብ አድርጎ መሬት ላይ ይለጥፋል፤ ሌላውን ሣር አፍኖ ይይዛል። ኋላ ግንዱ ይመዘዝና ከወገብ በላይ ይደርሳል። አሪቲ እንዲህ አይነጠፍም። ቅጠሉም አመድማ ነው፤ ሽታው ገና ሲጠጉት ያስታውቃል። አበባ ካወጡ ደግሞ ነገሩ ቀላል ነው። የአሪቲው ወደ ቢጫ ያደላል፤ አንገቱንም ይደፋል። የዚህኛው ነጭ ነው፤ ከሩቅ ሲያዩት ቅንጬ የተበተነበት ይመስላል። ቀረብ ይበሉና አንዷን ይዩ፦ ከጥፍር ታንሳለች፣ ጠርዟ ላይ አምስት ነጫጭ ነጥቦች አሏት። ቅጠሉን አሽተው ለማሽተት ግን አይሞክሩ። ቆዳ ያሳክካል።

«ሐረር ዙሪያ ፈረምሲሳ የሚሉት እሱን ነው?»

እሱኑ ነው። ቃሉ ኦሮምኛ ነው፤ «አስፈርም» እንደ ማለት። ማሳ ከያዘ ገበሬውን አስፈርሞ ያስለቅቃል ነው ነገሩ። አቦ፣ ከዚህ የተሻለ ስም ማን ያወጣለታል? በ1969 እና 70 ዓ.ም. ከነበረው የሶማሊያ ጦርነት ተሽከርካሪዎች ጋር ገባ የሚሉ አሉ፤ ከእርዳታ እህል ጋር ነው የሚሉም አሉ።

«የፍየሌ ወተት መረረኝ። ከሱ ይሆን?»

ሊሆን ይችላል፣ እማማ። ከብትም ፍየልም አይወደውም፤ ሌላ ሲጠፋ ግን ይበላዋል። ያኔ ወተቱም ሥጋውም ይመራል።

«መሬት ለመሬት የሚሄደው፣ ቢጫ አበባ ያለውስ?»

ኩርንችት ነው። እሱ የአገራችን ነው፤ በባዶ እግሩ ኳስ የተጫወተ ሁሉ ያውቀዋል።

«ነጩን አበባ ለልደት እቅፍ ብጨምረውስ? ያምራል።»

ተይው እህቴ። እንግዶችሽ ሲያስነጥሱ ያመሻሉ።

«እንዴት ላጥፋው?»

አበባ ሳያወጣ ይቅደሙት። አንዱ ተክል ከ10,000 በላይ ፍሬ ሊበትን ይችላል። ዝናብ መሬቱን ሲያረጥበው፣ ጓንት አድርገው ወይም እጅዎን በፌስታል ጠቅልለው ከነሥሩ ይንቀሉት። አፍና አፍንጫዎንም ይሸፍኑ። አስም ያለበት ሰው ግን ባይጠጋው ይሻላል። አብቦ ከደረሱበት አያራግፉት፤ ጭንቅላቱ ላይ ፌስታል አጥልቀው ይንቀሉና ጆንያ ውስጥ ይክተቱት። ቦይ ውስጥ እንዳይጥሉት። ጎርፉ ደቻቱ ያደርሰዋል፤ ከዚያ የሌላ ሰው አሸዋ ውስጥ ይገባል።